የሙሽተሪ መርዶ

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 14 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለምፈራሽ፣ በስፌት መርፌ ጆሮዬን ልትሰፊው ስንት ጊዜ ለዛትሽብኝ ለእታለሜ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ተቀመጪ። አክስቴ ካሰችንም ትራስ አስደግፊያቸው፤ እግራቸው ገና ስላልጠና ደንግጠው እንዳይነሡ። የያዝኩት ከባድ መርዶ ነው። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ትልቅ ሰው፣ ሰው እንኳ አይባልም፣ ብቻ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሲነሣ የኖረ አንድ ትልቅ ነገር፣ ሳምንት ሙሉ በድንጋይ ሲደበደብ ሰነበተ። ስሙን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። እስከዚያው አታልቅሺ፤ ማልቀስ ሲያስፈልግ እኔው እነግርሻለሁ።

ሰላምታውን ያስከተልኩት ጠፍቶኝ አይደለም፤ መርዶ ይቀድማል ብዬ ነው። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? የቡሬ ዝናብና የቡሬ በርበሬ እንዴት አድርገው ይዘውሻል? አክስቴ ካሰች አሁንም እግሬን የሰበረኝ ጭቃው ሳይሆን የሰው ዓይን ነው ይላሉ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከጣራው ፍሳሽ በቀር ተመስገን ነው፣ ደኅና ነኝ። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ድመቷ ቀምሳ ሁለት ቀን ጠፋች፤ የአሁኑን ግን ምድጃው ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አያ ኑርሁሴንም ሱቃቸው ውስጥ ሬዲዮ ብቻዬን እንድፈታ ፈቅደውልኛል። መግጠሙን ነው ገና ያልፈቀዱልኝ።

እንግዲህ ወደ መርዶው። የተመታው ሙሽተሪ ነው።

ወንበሩ ላይ ነሽ አይደል? አዎ፣ ያው ሙሽተሪ። መምህር ልዑልሰገድ ገና ከአዴት በተመደቡ በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ ልከውብሽ፣ ኮከባችሁ ይቆጠር ተብሎ መሪጌታ እጅጉ ዘንድ ሲኬድ፣ ሙሽተሪ ከልጅቱ ራስ ላይ ቆሟል፣ ብትገባለት ዓመት አትሞላም አሰኝቶ ነገሩን ያፈረሰው። እኔ ያኔ ባንቺ ጀርባ የማድግ ሕፃን ነበርኩ። ግን ማታ መብራት አጥፍተን ስንተኛ ለምን አላገባሽም ባልኩሽ ቁጥር ሙሽተሪ ስትዪኝ ስላደግሁ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የማውቀው።

ነገሩን ያመጣው ሬዲዮ ነው። አንድ ጅራታም ኮከብ ሃያ ምናምን ቦታ ተሰባብሮ፣ ቅዳሜ ገበያ እንደሚወርድ አህያ ተከታትሎ፣ ጁፒተር የሚባለው ግዙፍ ዓለም ላይ እየወደቀ ነው አለ። ከጠባሳዎቹ አንዱ ብቻ መሬታችንን ከነባሕሯ ይሸፍናታል አሉ። እኔ የማንኩሳ ሰው ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግቼ ብዙም አልሰማሁትም ነበር። አያ ኑርሁሴን ግን መበየጃቸውን አስቀምጠው፣ ጁፒተር የሚሉት እኮ ሙሽተሪን ነው፣ በልጅነቴ ቂርአት ቤት ሳለሁ ሼሃችን በጣታቸው ያሳዩን ነበር አሉኝ። ያን ጊዜ ብሎኑ ከእጄ ወደቀ። እስካሁን አልተገኘም፤ የማንኩሳው ሰውም ሬዲዮው ለምን እንደሚንኮሻኮሽ ገና አላወቀም።

እንዲህ ያለ ግምገማ በአገራችንም ታይቶ አይታወቅም አልኳቸው። በሩን ዞር ብለው አይተው ዝም በል አሉኝ።

አሁን የጥፋቴ ታሪክ ይጀምራል። መርፌሽን አስቀምጪ።

መምህር ልዑልሰገድን ታውቂያቸዋለሽ። ቀን ቀን ጁፒተርን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥላሉ፤ ጋዝ ነው፣ የሚረገጥ መሬት እንኳ የለውም ብለው ያስተምራሉ። እኔንም ከስምንተኛ ክፍል ሳልሰናበት በፊት አስተምረውኛል። ማታ ማታ ግን ያንኑ ጋዝ ይፈሩታል። ስለዚህ መርዶውን በወጉ ልንገራቸው ብዬ ያንቺን ነጠላ ከሣጥን አወጣሁና ጥለቱን ወደ አንገቴ አዘቅዝቄ ለበስኩት። ማለዳ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ሲከፍቱ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሐሳቤ ምን ሆነሃል ሲሉኝ ቀስ ብዬ፣ መምህር፣ ይጽናኑ፣ ሙሽተሪ አርፏል ልላቸው ነበር።

አልጠየቁኝም፣ እታለም። ነጠላውን አዩት፤ ያንቺ መሆኑንም አወቁት። ፊታቸው እንደ ጠመኔ ሆነ። ከዚያ ባጠገቤ አልፈው ወጡ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እሳቸው አንድ እግራቸው ጫማ፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ፣ ኮታቸው ያለ ቁልፍ እየተርገበገበ፣ የቡሬን መንገድ ይዘው ቁልቁል ይሄዳሉ። ቀልዱ ያልገባቸው መስሎኝ ከኋላ እየሮጥኩ፣ መምህር፣ መምህር እላለሁ፤ አይሰሙም። ማደያውን አልፈው፣ የመጨረሻዎቹን ቤቶች አልፈው፣ ማንኩሳ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ኮታቸውን ይዤ ተንጠለጠልኩ። እሷ ደኅና ናት፣ ቡሬ ቁጭ ብላ አክስቴን እያስታመመች ነው፣ የተመታው ሙሽተሪ ነው አልኳቸው።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጆሮዬን ያዙኝ፤ አንቺ ከምትይዢው ይብሳል። ሲለቁኝ አየኋቸው፤ የዝናብ ጉዳይ ነው ብዬ ዓይናቸውን እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጊዜው ጥሩ ስለመሰለኝ ያን የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ጋዝ ነው ብለው አስተምረውኝ የለም ወይ፣ ታዲያ እንዴት ይፈሩታል አልኳቸው። ለራሴ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አልፈራውም ነበር አሉኝ። የተባለው ግን በእሷ ላይ ነው። ተማሪ ቢሳሳት በዓመቱ ይደግማል፤ በእሷ ብሳሳት መድገሚያ ከየት አመጣለሁ አሉ። እኔ መልስ ማጣቴን ለማንም እንዳትናገሪ።

ተመታ የሚለውን ዜና ግን በሬዲዮ ወሬ ብቻ አልቀበልም አሉ። በዓይኔ ካላየሁ አሉ። ሐምሌን ታውቂዋለሽ፤ እንኳን ኮከብ ጎረቤትም አይታይም። አገር ሁሉ ትልቅ ነገር ሆነ እያለ፣ ጎጃም ጉም ለብሳ ተኝታለች። እኔም ሰማዩ እስኪከፈት ሥራ ከምፈታ ብዬ መሪጌታ እጅጉ ዘንድ ሄድኩ። የቆሰለ ኮከብ እንደ ገና ይቆጠራል ወይ ብዬ ልጠይቃቸው።

ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁብኝ። ከሳቁ በኋላ ግን እንዲህ አሉኝ። ኮከብ ሊያስቆጥር የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ግቢ ይበሉልኝ ብሎ ይመጣል፣ አንዱ አትግቢ ይበሉልኝ ብሎ ይመጣል፤ እኔ ከኮከቡ ይልቅ የመጣውን ሰው ዓይን ነው የማነበው አሉ። አንድ ዓመት፣ ሽማግሌዎቹ ለቆጠራ ሊመጡ በዋዜማው፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት ኩፍኝ ያጣደፈው ሕፃን አዝላ መጣች። ምን እንዳለቻቸው አልነገሩኝም፤ ንስሐ ባይሆንም እንደ ንስሐ ይዤዋለሁ አሉ። ሕፃኑ ግን ጢማቸውን ጨምድዶ አልለቅ ብሎ፣ ስታባብለው ቆይታ፣ እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል ብላ እንዳለቀሰች ነገሩኝ። በማግስቱ ሙሽተሪን ካለበት አንሥተው ሰው ራስ ላይ አቆሙት።

ማን እንደ ነበረች አልጠየቅኳቸውም። የማን ባለጌ ሕፃን እንደ ነበረ ግን እስካሁን ይገርመኛል። ጢማቸውን አየሁት፤ በግራ በኩል ሳሳ ብሏል።

ሲሸኙኝ፣ ያ ሕፃን ዳነ ወይ አሉኝ። ድኗል፣ ሽሮም ይሠራል አልኳቸው።

ይህን ለመምህር አልነገርኳቸውም። የሰው ምሥጢር ነው። እኔ ደግሞ አፌ ሰፊ ቢሆንም መክደኛ አለው።

ቡሄ ካለ የለም ክረምት ይባል የለ፤ የቡሄ ዋዜማ ዕለት ፀሐይ ስትገባ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ተቀደደ። ልጆች ችቦ ይዘው ይጯጯኻሉ፤ እኛ ሦስታችን፣ አያ ኑርሁሴን፣ መምህርና እኔ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመን አንጋጠናል። አያ ኑርሁሴን በጣታቸው አሳዩን። ልክ በቡሬ በኩል፣ ካንቺ ጣራ በላይ እንደ ማለት፣ ሙሽተሪ ቁጭ ብሏል። ሙሉ ነው። ያበራል። ጭረት እንኳ የለበትም።

እኔ ቀዘቀዝኩ። ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ አልኩ። ኮከቡ ካልሞተ መርዶው ውሸት ነው፣ ነገሩም እንደ ድሮው ነው። አያ ኑርሁሴን እንኳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንግዲህ ከሩቅ ስለሆነ ነው ብለው ሊያጽናኑን ሞከሩ። መምህር ግን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩና፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ሲመጣበት ምን አደረገ ብለው ጠየቁኝ። ምንም አላደረገም፣ ዝም ብሎ ተመታ አልኳቸው። አልሸሸም? አልሸሸም። አልመከተም? አልመከተም። ሳቁ። በራሱ ላይ የመጣውን ጠጠር መመለስ ያልቻለ፣ ቡሬ ድረስ መጥቶ ሴት ይገድላል ብዬ ነው እንዴ ዕድሜዬን የፈጀሁት አሉ።

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። አያ ኑርሁሴንም በይ ሱቁን ዝጊልኝ አሉኝ፤ ከመደሰታቸው ብዛት ሴት አደረጉኝ።

እንግዲህ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ባለው እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ቡሬ ይመጣሉ። አንዱ የመምህር አጎት ከአዴት፣ አንዱ አያ ኑርሁሴን፤ ሦስተኛው፣ ከወንበሩ እንዳትወድቂ፣ መሪጌታ እጅጉ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም። ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ የማወርደውም እኔ ነኝ ብለው ራሳቸው ተነሡ። እኔም አብሬ እመጣለሁ። ጢማቸውን አልነካም፤ ቃሌ ነው።

ሽማግሌዎቹ ወጉን ለአክስቴ ካሰች ይናገራሉ፤ አክስቴም ወጉ ነውና መክረን እንመልሳለን ይላሉ። አንቺን ግን አፍ አውጥተሽ እንድትመልሺ ማንም አያስጨንቅሽም። አያ ኑርሁሴን በፌስታል አንድ ቡናማ ኮት ይዘው ይመጣሉ። ኮቱን ታውቂዋለሽ። በየወሩ አንድ ቁልፍ እየተበጠሰ ስፌትሽ ድረስ ሲመጣ የኖረው ነው። ቁልፍ በየወሩ አይበጠስም፣ እታለም፤ እኔ ሬዲዮ ስለምፈታ በራሱ የላላና በጣት የተፈታ እለያለሁ። አንቺም ትለዪ ነበር፤ አንድ ቀን ክሩን አጥብቀሽ ሰፍተሽው አታውቂም። አንቺ ቡሬ ከሄድሽ ወዲህ አንድም ቁልፍ የለውም፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ናቸው። ከተከልሻቸው እሺ ነው። ካልተከልሻቸው ኮቱን አጣጥፈሽ ትመልሺዋለሽ፤ ማንም ምንም አይልሽም፤ እኔም ብሆን አላሾፍም፤ ቢያንስ እስከ መስቀል።

ልጁን ለማን ጥዬ የምትዪ ከሆነ፣ የቱን ልጅ? ቤታችንና የመምህር ቤት መካከል ያለው አጥር አንድ ነው። ለምሳም ለእራትም እመጣለሁ፤ እንዲያውም ሽሮዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ምነው በቀረብን ትላላችሁ። አያ ኑርሁሴን ከመስከረም ጀምሮ መግጠሙንም ይፈቅዱልኛል። ጉልበቴን ብታዪው፣ አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ብትደክሚ አንቺን አዝሎ ማንኩሳ ድረስ የሚወስድ ጀርባ አብቅያለሁ። ይህን የምጽፈው ለወሬ ያህል ነው። ሌላ ነገር ማለቴ አይደለም።

እንግዲህ መርዶ ብዬ ያስቀመጥኩሽ ይኸው ነው። ስትመዝኚው ሰማይ፣ ድንጋይ፣ ሃያ ምናምን ቁስል ያልኩት ሁሉ ለከንቱ ነው፤ ነገሩ ትንሽ ናት፤ የቁልፍ መትከል ጉዳይ ናት። መርፌና ቡናማ ክር አዘጋጂ፤ ክሩ ቡሬ ከጠፋ እኔ አመጣለሁ።

አምላክ የአክስቴን አጥንት ይግጠም፤ የቡሬን ጭቃ ያድርቅላችሁ፤ አንቺንም የያዝሽውን ሁሉ በደኅና አሳድገሽ ለወግ እንዳበቃሽ፣ ተራሽን ወግ ያሳይሽ። አሜን በይ፤ አክስቴም አሜን ይበሉ።

ከእንግዲህ የማይታዘለው ታናሽ ወንድምሽ