የአራተኛው ምሽግ አፈር

ፍራንክፈርት፣ መጋቢት 10 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ የሺወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ጾሙስ አልከበደሽም? እኔና ልጅሽ ኑኃሚን ደህና ነን። እዚህ ሰፈራችን ኡንተርሊደርባህ ብርዱ ለቀቅ እያደረገን ነው። እኔም ሆኽስት ፋብሪካ ግቢ ወዳለው የጽዳት ሥራዬ ጠዋት ጠዋት እገባለሁ። ይኸው ስለ ብርድ ሳወራ ወረቀቱን ልጨርሰው ነው! ሦስት ቀድጃለሁ እትዬ፤ ይኼኛውን አልቀድም። ጎረቤቴ የወርቅውሃ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር በእጇ እሰድልሻለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። ያለፈው ሳምንት እሁድ "ቴርሚን አለኝ" ብዬ የዘጋሁብሽም ዋሽቼ ነው። በእሁድ ቀን ምን ቀጠሮ አለ?

ኑኃሚን ከሥራዋ ኡርላውብ፣ የዓመት ፈቃዷን፣ ወስዳ የፊታችን ሐሙስ ወደ ምጽዋ እንደምትሄድ ነግራሻለች። አንቺም ከአባቷ መቃብር አፈር እንድታመጣልሽ፣ እሱን በደብራችሁ አስፈትተሽ ልታስቀብሪ ቄሱን እንዳነጋገርሽ ሰማሁ። ድንኳን ሳይቀር ታዟል አሉኝ። ይኼን ሁሉ ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ።

ልጅሽ በምትሠራበት የመሬት ልኬት ቢሮ የአየር ፎቶግራፎች አሉ። ባሕር ዳርቻ የሚያጠኑ ሰዎች ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት በኋላ ከአውሮፕላን ያስነሷቸው ናቸው። ከነዚያ መካከል የምጽዋን ዳርቻ አገኘች። የዚያን ቀን ቤት ስትገባ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀች። "ኦንክል፣ ና እይ!" አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ዘርግታ እግር ባለው መነጽር አሳየችኝ። አንዱን በአንድ ዓይን፣ ሌላውን በሌላው ስታዪ መሬቱ ብድግ ይላል! ጉብታው ይቆማል፣ ጉድጓዱ ይጎደጉዳል። "ይኼ ጥላ የግድግዳ ነው። ይኼ እየተጣጠፈ የሚሄደው የወታደር ቦይ ነው። እነዚህ አራት የፈረስ ኮቴ የሚመስሉት ደግሞ ወደ ባሕር የዞሩ የመድፍ ምሽጎች ናቸው" ትለኛለች። እኔ በድማሚት የቆፈርኩትን ለእኔ! አራተኛው ውስጥ እኔና ባልሽ ጋሼ ረታ አምስት ወር ኖረናል።

"አባዬን የቀበርከው የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።

እኔ የመን ሆኜ ለጎረቤቶችሽ የጻፍኩትን ታስታውሺዋለሽ። ያንን ይዘው ነው ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ደጅሽን ያንኳኩት። በእጄ እንደቆፈርኩ፣ በብርድ ልብሱ እንደጠቀለልኩት፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ የድንጋይ መስቀል እንዳቆምኩለት ጽፌ ነበር። ስለዚህ ከአራተኛው ምሽግ ጎን አሳየኋት። በመነጽሩ አየችና "ኦንክል፣ እዚህ ጋ እኮ መሬቱ የባሕር ድንጋይ ነው። ያለ ድማሚት አይቆፈርም። በምን ቆፈርከው?" አለችኝ።

ክፋት አስባ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። እኔን ግን ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አሰኘኝ። ያኔ እንኳ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ፎቶው ላይ ነጣ ያለ ቦታ አየሁና "ተሳስቼ ነው፤ እዚያ ጋ፣ አሸዋው ላይ ነው" ብዬ በጣቴ ጠቆምኩ። በቀይ እስክሪብቶ ከበበችው። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ" እያለች አለቀሰች። እኔም ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት፤ እፍረት የሌለኝ!

እትዬ፣ እዚያ ማንም የለም። እኔ የማንንም መቃብር አልቆፈርኩም።

ጋሼ ረታ የተመታው እግሩን ነው። በቀበቶዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት፤ ይናገር ነበር፣ አእምሮውም ደህና ነበር። አንቺ "ወንድሜን አደራ" ብለሽ ሰጥተሽው፣ ያን ሁሉ ወር ከፊቴ እየቀደመ ያተረፈኝ ሰው ነው። ከታች ጀልባ አለ ተባለ። "ውሃ ይዘህልኝ ና፣ ቶሎ ና" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ኮዳውን ይዤ ወጣሁና እየሮጥኩ ወረድኩ፤ አንዴም ዞሬ አላየሁም። ወደ የመን በሚሻገረው ጀልባ ላይ ኮዳውን ሞሉልኝ። እኔው ጠጣሁት።

ሃያ ሁለት ዓመት ይኼን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም። ኑኃሚንን በዘጠኝ ዓመቷ ወስጄ ሳሳድግ "ወንድሜ የደግ ደግ" እያልሽ በየቤቱ ስታወሪልኝ በኃፍረት እሞት ነበር። ደግነት አልነበረም። ልጁን ባሳድግ ይቀልለኛል ብዬ ነው። አልቀለለኝም፤ ስትስቅ እሱን ነው የምትመስለው።

ይኼንንም ቢሆን እስከ መቃብሬ እይዘው ነበር። ትናንት ግን ኣብርሀት ቤታችን መጣች። የኑኃሚን የሥራ ባልደረባ ናት፣ የምጽዋ ልጅ፤ አብራት ነው የምትሄደው። ፎቶውን እያገላበጠች እንደ ዋዛ "አጎቴ ያኔ ከእነዚህ ምሽጎች ቁስለኛ ያነሳ ነበር። ተማርከው በሕይወት የተወሰዱ ብዙ ነበሩ ይላል፤ ሐኪም ቤት እግራቸውን የተቆረጡም አሉ" አለች። ኑኃሚን ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ለእሷ ምንም አልመሰላትም። አባቷ ተቀብሯላ! እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ።

ገባሽ እትዬ? ጥቁር ስትለብሺ፣ ተዝካሩን ስታወጪ፣ ምናልባት እሱ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር። አንቺ ፈላጊ ነበርሽ፤ በእግርሽም ቢሆን ትሄጂ ነበር። እንዳትፈልጊው ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። ከጥይቱ ይልቅ የእኔ ደብዳቤ ሳይሆን አይቀርም የገደለው።

ቄሱን አቁሚያቸው። ድንኳኑም ይቅር። ኑኃሚን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ትመጣለች፤ ይኼን ደብዳቤ ሳላሽግ አነብላታለሁ። ከዚያ በኋላ ኦንክል ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም።

ሁልጊዜ "መርቂኝ" ብዬ ነበር የምሰናበትሽ። ዛሬ አፌ አይደፍርም። እመ ብርሃን ከአጠገብሽ አትለይ፤ ይኼን ስታነቢ ብቻሽን አትሁኚ፣ ጎረቤት ጥሪ። ለልጅሽም የምላት ይኼን ብቻ ነው፦ ምጽዋ ስትደርሺ አፈር አትዝገኚ። የአባትሽን ስም ይዘሽ ሰው ጠይቂ። እኔ ሲሞት አላየሁም።

ምንያህል