ሱቄ ውስጥ ስለተገኘው የፊዚዮቴራፒ ክፍል

ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ዶ/ር ግሩም
የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ እወዳለሁ። እግዚአብሔር ወገብዎንና ጉልበትዎን እንዲጠብቅልዎ ዘወትር እጸልያለሁ፤ ምክንያቱም ጉልበትዎ አንድ ቀን ቢከዳዎ በራስዎ ኮሌጅ የተመረቀ ባለሙያ እጅ ላይ እንዳይወድቁ እሰጋለሁ። እንዲህ ያለውን ዕጣ ለእርስዎም ቢሆን አልመኝም።

ወ/ሮ ዘመነች ወንድሙ እባላለሁ። ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ያገለገሉ ዊልቸሮችን፣ ክራንቾችን፣ የታካሚ አልጋዎችንና ዎከር የምንላቸውን ባለ አራት እግር መደገፊያዎች ስሸጥና ሳከራይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ልጄ ፀጋ በኮሌጅዎ የአራተኛ ዓመት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት። የኮሌጁን ስም ያልጻፍኩት ነፃ ማስታወቂያ እንዳይሆንልዎ ነው፤ ሰማያዊ መስታወት የለበሰውን ሕንፃ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ያየሁትንና የሰማሁትን በየቀኑ የምጽፍባት ደብተር አለችኝ። ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ንግግሮች ከእሷ የተገለበጡ ስለሆኑ፣ ትዝታዬን በመጠራጠር እንዳይደክሙ በትሕትና አሳስባለሁ።

1. ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. የንብረት ክፍል ኃላፊዎ አቶ ማርቆስ አይሱዙ ይዘው ሱቄ መጡና ስምንት ዊልቸር፣ ስድስት ዎከርና ሁለት አልጋ ለሦስት ቀን እንዳከራያቸው ጠየቁኝ። «ለሦስት ቀን ምን ያደርግላችኋል?» ብላቸው «እትዬ ዘመነች፣ እንግዳ አለብን» አሉኝ። «አንዱም እንግዳ በእግሩ አይሄድም እንዴ?» ስላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኪራዩን በዕለቱ ስለከፈሉኝ በገንዘብ በኩል በመካከላችን ቅሬታ የለም። ዕቃው በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ታጥቦና ተወልውሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ «ፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል፣ የተግባር ክፍል ቁጥር 2» የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ከሥሩም የንብረት ቁጥር ተጽፎለት ነበር። እንግዶቹ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የመጡ ተቆጣጣሪዎች እንደነበሩና ባዩት ነገር ረክተው እንደሄዱ በኋላ ሰማሁ። ልጄን «ይሄ የተግባር ክፍል ቁጥር 2 ምን ይመስላል?» ብዬ ብጠይቃት «እማ፣ እሱማ የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ነው፤ ባለፈው ሰሞን ብቻ ጠርገውት ነበር» አለችኝ። ክፍሉ የሚገኘው እኔ ሱቅ ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት በዚያን ዕለት ነው። አንድን ተራ ሱቅ ሳያስፈቅዱ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋምነት ስላሳደጉት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

2. አይሱዙው ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለት ጊዜም አከራይቻለሁ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። ነጋዴ ነኝና ዝም ያልኩት አስልቼ ነው፤ ኮሌጁ ቢዘጋ ልጄ ሜዳ ላይ ትቀራለች፣ ዲግሪውን ትያዝ እንጂ ሙያውን ሥራ ላይ ትለምደዋለች አልኩ። ከዚህ የባሰም አድርጌያለሁ። ፀጋ ልታግዘኝ ሱቅ በመጣች ቁጥር «አንቺ ባለሙያ ልትሆኚ ነው፤ ዕቃ መጎተቱን ለእኔ ተዪውና መጽሐፍሽን ይዘሽ ተቀመጪ» እያልኩ አራት ዓመት ሙሉ ከዊልቸሩ አርቄያታለሁ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልጅቷ የሁለታችንም ሥራ ናት፤ እርስዎ ኮሌጅ ውስጥ ዊልቸር አላሳዩአትም፣ እኔ ሱቅ ውስጥ አላስነካኋትም።

3. የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ፀጋና አሥር የክፍል ጓደኞቿ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። እዚያ ያለችው ባለሙያ፣ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የያዛቸውን አንድ አባት ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንድታዛውራቸው ልጄን አዘዘቻት። ልጄም አቅፋ አነሳቻቸው፣ አዞረቻቸው፣ ላስቀምጣቸው ስትል ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ፍሬኑ አልተያዘም ነበር። ሰውየው ወለሉ ላይ ወደቁና በሽታው የተወላቸው ደህናው እጃቸው ተሰበረ። እኔ ማንበብ የማይችል ገዢ እንኳ «መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ከዚያ ሰውየውን» የሚለውን በቃሉ ሳላስደግመው ከሱቄ ዊልቸር ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ባለሙያዋ «ለመሆኑ አራት ዓመት ምን ስትማሩ ነበር?» ብትላቸው አንዱ ተማሪ «ስላይድ» ብሎ መለሰ። አሥራ አንዱም ልምምድ በጀመሩ በስድስት ሰዓት ውስጥ ተባረው ወደ ኮሌጅዎ ተመለሱ። ልጄ ቤት ስትገባ አላለቀሰችም፤ ሱቅ ገብታ አንዱን ዊልቸር ሳበችና ፍሬኑን ስትይዝ ስትለቅ፣ ስትይዝ ስትለቅ አመሸች።

4. እኛ የዋሆቹ ወላጆች ሌላ ሆስፒታልና አስተማሪ ይፈልጉላቸዋል ብለን ስንጠብቅ፣ እርስዎ እጅግ ቀላል መፍትሔ አገኙ። ሎግ ቡክ የሚሉት የልምምድ መዝገብ እያንዳንዱ ተማሪ ዘጠኝ መቶ ሰዓት ታካሚ እንዳገለገለ ተደርጎ፣ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሊላክ በኮምፒውተር ተሞልቶ ቀረበ፤ የጎደለው የተማሪው ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ፈርሞ ያላስገባ ተማሪ ስሙ ለመውጫ ፈተና እንደማይተላለፍም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፋችሁ። ፀጋ አልፈርምም ብላ ቢሮዎ ብትመጣ፣ በአባትነት ወግ «የኔ ልጅ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ወረቀት እኮ ነው፤ ወረቀት ሰው አይጥልም» ብለዋታል። እሷም «እኔ ግን ጥያለሁ» ብላዎት ወጥታለች። ከአራት ዓመት የኮሌጅ ቆይታዋ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዛ በመመለሷ እኮራለሁ፤ እርስዎም ቢኮሩባት ይገባዎታል።

5. ስለ ትጋታችንም ትንሽ ላስታውቅዎ። ከመጋቢት ወር ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አንዱም ተማሪዎች ሱቄ ይመጣሉ። የሚያለማምዷቸው ዘጠኝ ዓመት በዊልቸር ላይ የኖሩት ደንበኛዬ አቶ ደመቀ ናቸው። «አንተ፣ ሲሚንቶ ነው የምታራግፈው? እጅህን ብብቴ ሥር አስገባ እንጂ!» «አንቺ ደግሞ ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ፤ ሰርግ ላይ ፎቶ የምንነሣ አስመሰልሽው እኮ!» እያሉ ስለሚያስተምሩ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ነገር ግን እኔም እሳቸውም ይህ ዲግሪ እንዳልሆነ እናውቃለን። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው እውነተኛ ታካሚ፣ አጠገባቸው ቆሞ እጃቸውን የሚያርም ባለሙያና በቂ ጊዜ ነው። እኔ አሮጌ ዕቃ ስሸጥ አሮጌ መሆኑን ነግሬ ነው፤ እርስዎ ግን የሌለዎትን ሸጠውላቸዋል።

ስለሆነም ለወትሮ ቸርነትዎ የማይከብዱ ሁለት ነገሮችን በአክብሮት እለምናለሁ። አንደኛ፣ የአሥራ አንዱም ተማሪዎች ስም ከእውነተኛው የልምምድ ሰዓታቸው ጋር እንዲተላለፍና፣ የጎደላቸውን ልምምድ የሚያሟሉበት ቦታና አስተማሪ በኮሌጁ ወጪ እንዲመደብላቸው፤ ለዚህ ሲባል ፈተናው ቢዘገይባቸው ልጄ ለመጠበቅ ዝግጁ ናት። ሁለተኛ፣ አቶ ማርቆስ ባለፈው ማክሰኞ መጥተው ለሰኔ እንግዶች ዕቃ እንዳዘጋጅ ነግረውኛልና፣ በዚህ ዓመት እንግዶችዎን ባለዎት ነገር እንዲያስተናግዱ። ባዶ ክፍልም ቢሆን ተጠርጎ ሲታይ ያምራል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሰማያዊው መስታወትዎና ስለ አባታዊ ምክርዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ቆመው የሚሄዱበት ዘመን እንዲረዝምልዎ ከልብ በመመኘት፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ዘመነች ወንድሙ
ነጋዴና የአንዲት ተማሪ እናት

ግልባጭ፦
– ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት
– ለአሥሩ ተማሪዎች ወላጆች
– ለኮሌጁ በር ጥበቃዎች፤ በሩ ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ በትጋት የሚያነቡ እነሱ ብቻ ስለሆኑ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ ፀጋ ከኮሌጅዎ ተመለሰች። ለካ ዛሬ ጠዋት አሥራ አንዱም ተማሪዎች መዝገባቸው ላይ «ዘጠኝ መቶ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው «ስድስት» ብለው ጽፈው፣ ከሥሩም ፈርመው ለሬጅስትራር አስገብተዋል። ጸሐፊዋ አንዱንም ቀና ብላ ሳታይ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የኮሌጁን ክብ ማኅተም መትታ፣ ቅጂውን ለተማሪዎቹ፣ ዋናውን ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በሚሄደው ፖስታ ውስጥ ከታ ልካዋለች። እባክዎ ጸሐፊዋን አይቆጧት፤ ሳያነቡ ማኅተም መምታትን የለመደችው እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው። ኮሌጅዎ በተግባር አሠልጥኖ ያበቃው አንድ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።