አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ

ይድረስ እንደ እናቴ ለማይዎት አማቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ደረጃውን በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አይውጡ ያልኩዎትን እንዳልሰሙኝ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እንቅልፍ ግን እንደጠላኝ ነው።

ባለፈው እሁድ የሰጡኝን የልጅዎን ጃኬት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንጋይ አገኘሁ። በእጅ ጽሑፉ «12» ብሎበታል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«አፈር እያጠባችሁ ደመወዝ ትበላላችሁ» እያሉ ሲያሾፉብን እሱ ይስቃል እንጂ ሥራችንን አስረድቶዎት አያውቅም። እኔ ላስረዳዎት። እሱ ገደሉን ከግርጌው ጀምሮ እየወጣ ከየንጣፉ ድንጋይ ይቆርጣል፤ የታችኛው የጥንት፣ የላይኛው የኋለኛው ዘመን ነው። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ድንጋዩን በአሲድ አሟሙቼ የሚተርፈውን የዕፅዋት ብናኝ በማይክሮስኮፕ እቆጥራለሁ። እስከ ስድስተኛው ድረስ የዛፉ ዓይነት ለጉድ ነው። ሰባተኛው ላይ ከሰማይ ግዙፍ ድንጋይ ወድቆ ዓለም ጨለመች፤ ዳይኖሰር የሚባሉት ግዙፎቹ እንስሳት ያኔ አለቁ፣ አንዳቸውም አልተመለሱም። ከዚያ እስከ አሥራ አንደኛው ያለው የፈርን ብናኝ ብቻ ነው። ፈርን ያ እርስዎ ከቧንቧው ሥር አረም ነው ብለው የሚነቅሉት፣ አበባ የሌለው ቅጠል ነው። የተቃጠለ መሬት ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

ዛፎቹስ? እንደ እንስሳቱ ጠፍተው ቀሩ ወይስ አፈር ውስጥ ሥርና ዘር ተርፏቸው ነበር? እኔን እረፍት የነሳኝ ይህ ነበር፤ መልሱ ደግሞ ከአሥራ አንደኛው በላይ ነው። እሱ አሥራ አንዱን ልኮልኝ፣ ገደሉ በዝናብ ያሟልጫል፣ ሻንጣዬን ዘግቻለሁ፣ ነገ እመጣለሁ ብሎን ነበር። በማግስቱ ይህን ጃኬት እንደለበሰ ከገደሉ ሥር ወድቆ ሞቶ አገኙት።

አሥራ ሁለተኛውን ዛሬ ቆጥሬ ጨረስኩ። ፈርኑ ቀንሷል። የዛፍ ብናኝ አለ፤ ከመቶ አራት ቢሆን ነው፣ ግን ከድሮዎቹ ዛፎች የተረፉ ናቸው። ብዙዎቹ እስከ ወዲያኛው ቀርተዋል። የክፍል ኃላፊያችን እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

እማማ፣ በመጣሁ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ሻንጣውን የዘጋ ልጅ፣ ማን ነው ወደ ገደል የመለሰው?» ይሉኛል። መሥሪያ ቤቱ ነው እልዎታለሁ። እርስዎም መሥሪያ ቤቱን ይረግሙና ደህናውን ትራስ ከጀርባዬ ያደርጉልኛል።

ከእንግዲህ አይርገሙት። መሥሪያ ቤቱ አሥራ አንዱ ይበቃል ብሎ ነበር። በዚያ ጠዋት የተደወለለት ስልክ ከዚያ አልነበረም፤ ከቤታችን ነበር።

ጃኬቱ ታጥቦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። እሁድ ልምጣ ወይስ ልቅር፣ እርስዎ እንዳሉኝ እሆናለሁ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ የሚያጽናናዎት ሰው አይጡ።

እስከ ዛሬ «ልጄ» ሲሏት የኖሩት፣
የልጅዎ ሚስት