«ለማየት» የሚል መስመር ስለሌለው ቅጽ

ይድረስ ለተከበሩ የደጋ ጉብኝት ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣
ደባርቅ

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤትዎም እንደ ቢሮዎ ደጅ ሰው የማይለየው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለበቅሎ ነጂዎች ገብስና ገመድ የምሸጥ የከተማዎ ነጋዴ ስሆን፣ የምጽፍልዎት የዕለት ማስታወሻዬን እያገላበጥሁ ስለሆነ ቀን ብጠቅስ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ጉዳዬ ትንሽ ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ የሺወርቅ ወደ ጨነቅ ለሚወጡ በቅሎዎች ሃያ ሁለት ዓመት ገብስ ስትሰፍር ጨነቅንና ገደሉን አንድም ቀን አላየችም። ዘንድሮ የጎንደሩ ሐኪም የአንደኛው ዓይኗ ብርሃን እንደማይመለስ፣ ሁለተኛውም ከዓመት ብዙ እንደማያልፍ ነገራት። ከሐኪም ቤት ስንወጣ «እንግዲያ ገደሉን ቶሎ አሳየኝ» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። በዚህ ረገድ ስለዋሉልን ውለታ እንደሚከተለው ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

፩. መስከረም ፳፬ ቀን ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሐመልማል የሰጡን የነዋሪ ቅጽ፣ ለጉዞ ምክንያት የሚያውቀው ሥራን፣ ጥናትን፣ ጠበልንና ለቅሶን ብቻ ነው። «ለማየት» ብዬ ብጽፍ፣ «ጋሼ፣ እሱ ያለው የውጭ ዜጋ ቅጽ ላይ ነው» ብለው በትሕትና ሰረዙልኝ። የአገሬን ገደል ለማየት መጀመሪያ ባሕር ተሻግሬ መሄድ፣ ከዚያም መመለስ እንዳለብኝ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

፪. ጥቅምት ፪ ቀን ጎብኚ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ እንዳመጣ አዘዙኝ። ቀበሌው ነዋሪ መሆኔን እንጂ ጎብኚ መሆኔን ሊመሰክር እንደማይችል ጻፈልኝ። ያንኑ ደብዳቤ ይዤ ብመለስ፣ ነዋሪነቴ በማስረጃ ስለተረጋገጠ ማመልከቻዬን ዘጉት። ሠላሳ ዓመት ስነግድ በገዛ ሚዛኔ የሸወደኝ ሰው አላጋጠመኝም ነበር።

፫. የጭነት መኪና ጎብኚ አይጭንም፣ የጎብኚ መኪና ነዋሪ አይጭንም ተባልን። እኛ የትኛው እንደሆንን እርስዎ እስኪወስኑ ድረስ፣ ሰማዩ የሚጠራበት ጥቅምት አለቀ።

፬. ይኼኛው እንኳ በእርስዎ ላይ ብቻ አይላከክም። ወንድሜ ብርሃኔ፣ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው? ያለ ሬሳና ያለ ታቦት ተራራ የሚወጣ ነጋዴ ከየት መጣ?» ብሎ ሲስቅብን ጎረቤቱ ሁሉ አብሮት ሳቀ። ለማየት ብቻ መሄድን እኛም እንደ ነውር ቆጥረን ኖረናል፤ እርስዎ ነውሩን ቅጽ አደረጉት እንጂ።

የብርሃኔ ፌዝ ግን መንገድ አሳየኝ። ኅዳር ፲ ቀን የሺወርቅ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ለበሰች፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ኬላዎ ላይ ያገኘናቸው ጠባቂ (ደግ ሰው ናቸውና ስማቸውን አልጽፍም) ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ወረቀት ሳይጠይቁ ከፈቱልን። ሐዘንተኛን ማስረጃ አምጣ የሚል ሰው በአገራችን ገና አልተወለደም። የጭነት መኪናው ሾፌር ጋቢና አስገባን፤ ከኋላ የተሳፈሩ አራት ሴቶች ሟቹን ሳያውቁት ሳንቃ በር እስክንደርስ አለቀሱልን። የሺወርቅም አለቀሰች፤ እሷ ግን የምታለቅስለትን ታውቀዋለች።

ጨነቅ ስንደርስ ገደሉን ጉም ሞልቶት ነበር። የቦታው ሰዎች «ጧት ፀሐይ ስትወጣ ይጠራል፣ እደሩ» አሉን። ደንብዎ ግን ለቀስተኛ በዚያው ቀን እንዲመለስ ያዛል፤ ማደር የተፈቀደው ለጎብኚ ነው። የሺወርቅ ከጫፉ ራቅ ብላ ቆማ ነጩን ነገር አይታ አይታ፣ «ዓይኔ ነው ወይስ ጉሙ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉሙ ነው አልኋት።

ስለዚህ ቅጽዎ ላይ አንዲት መስመር እንዲጨመርልን፣ አንዲት ሌሊትም እንዲፈቀድልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ደጅዎን ሲጠና ጫማውን የጨረሰው፣ ትዕግሥትን ያለ ክፍያ ያስተማሩት፣ ውለታዎን በየቀኑ በማስታወሻው የሚያሰፍረው፣
ይግዛው ደርቤ
የገብስና የገመድ ነጋዴ

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አራቱ ሴቶች ሲለዩን «ለአርባው እንገናኝ» ብለውናል። አርባው ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ነው። መስመሯ እስከዚያ ካልተጨመረች ያንኑ ነጠላ ለብሰን ኬላዎ ላይ እንቆማለን፤ ከዚያም ሰማንያው አለ፣ ከሰማንያው በኋላ ሙት ዓመቱ። ሐኪሙ ያለው እውነት ከሆነ፣ ለሙት ዓመቱ «ለቅሶ» የሚለውን መስመር ያለ ሐሰት እንሞላዋለን።