ቦርከና ከማን ይጠጣል

ማክሰኞ

የጋሽ ሰይድ ጉድጓድ ዛሬ ቆፋሪውን እስከ አንገቱ ዋጠው። ደብተር ማረሜን ትቼ ከአጥሩ ማዶ አካፋው ብቅ ጥልቅ ሲል ቆሜ አየሁ። ጎረቤት ሲቆፍር ቆሞ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

ጉድጓዱ የሽንት ቤት ነው። ልጃቸው አንዋር የፊታችንን ትተን በሚቀጥለው እሑድ ያገባል፣ ሙሽራዋ ስትገባ አዲሱ ክፍል የራሱ ሽንት ቤት ይኑረው ተብሎ ነው። እስከ ትናንት ጥቁር ዋልካ ሲወጣ ሰነበተ። ዛሬ ጠጠር መጣ፤ እርጥብ፣ የታጠበ የመሰለ ጠጠር። ሙሄ የእኛን ኤላ ሲያስቆፍር "በቃ፣ ደረስን" ያለው እንዲህ ያለ ጠጠር ሲያይ ነበር። ሽንት ቤቱም ያንኑ ጠጠር መንካቱ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አልተመቸኝም።

ኤላው የውሃ ጉድጓዳችን ነው። ባለቤቴ ሙሄ፣ አላህ ይማረውና፣ ለእናቱ ሰደቃ ብሎ ያስቆፈረው። ሰደቃ ስለሆነ ማንም አይከለከልበትም። የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል፣ ይቀዳል፣ ለሙሄ እናት ዱዓ አድርጎ ይሄዳል። እኔ ባለቤት ሳልሆን ጠባቂ ነኝ። ጠባቂነቱም አንዳንድ ቀን ይሰለቸኛል፤ ሰው ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬን ያንኳኳል።

ጋሽ ሰይድን ግን በምን ልውቀስ? መጀመሪያ ሊቆፍሩ ያሰቡት በግቢያቸው ታችኛ ጥግ፣ በቦርከና በኩል ነበር። ኋላ ለእኔ አሰቡ። ኤላው ከቦርከና እንደሚጠጣ እዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ ወንዙ ሥር ለሥር እየመጣ ይሞላዋል ይባላል፣ ሙሄም ይለው ነበር። ስለዚህ በወንዙና በእኔ በዘይኑ ውሃ መካከል ቆሻሻ አላስገባም ብለው ጉድጓዱን ወደ ላይ፣ ወደ ጋራው አዞሩት። በታችኛው ጥግ የአንዋርን ክፍል ሠሩ። ባለፈው ሳምንት ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ሸህ ጡሃ ዱዓ አደረጉ፣ ቦታው ተመረቀ። ከሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ነገ ለሰባተኛ ክፍል ስለ ከርሰ ምድር ውሃ አስተምራለሁ። ጠጠር፣ አሸዋ፣ ዋልካ አዘጋጅቻለሁ። ጠጠሩን ያፈስኩት ከጋሽ ሰይድ ክምር ነው፣ ሳላስፈቅድ።

ረቡዕ

ክፍል ውስጥ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ውሃ መሬት ሥር እንዴት እንደሚቀመጥ ሥሉ ብላቸው ግማሾቹ ሐይቅ፣ ግማሾቹ ዋሻ ውስጥ የሚሮጥ ወንዝ ሣሉ። አንዷማ ጀልባ ጨመረችበት።

አፉን የቆረጥኩትን ጠርሙስ ጠጠር ሞላሁት። ሞልቷል? ሞልቷል አሉ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨመርኩ፣ ገባ። ሐይቁ ይኸው ነው አልኳቸው፣ በጠጠርና በጠጠር መካከል። አለቱም ቢሆን በስንጥቁ ውስጥ ይይዛል። ዋልካ በሞላሁበት ጠርሙስ ላይ ግን ውሃው ተኝቶ ቀረ፣ እስኪደወል ድረስ እዚያው ነበር። ዋልካም ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ግን መስጠት አይወድም። እንደ ትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ነው ስላቸው ሳቁ።

በመጨረሻ ጠጠር የሞላ ትሪ አዘንብዬ ከላይ በኩል ቀይ ቀለም አፈሰስኩ። ቀለሙ በጠጠሩ ሥር አድርጎ ከታች ወጣ። ውሃ ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት ይሄዳል፣ መሬት ሥርም ሕጉ ያው ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ። ይህን እያልኩ የራሴን ድምፅ ሰማሁትና ኤላችን ትዝ አለኝ።

ቤት እንደገባሁ ኤላው ውስጥ አየሁ። ጥር ነው። ቦርከና በጥር ድንጋዩን አስጥቶ የሚተኛ ወንዝ ነው፣ ያለውም ከቁልቁለቱ ግርጌ። የእኔ ባልዲ ደግሞ ብዙም ሳይወርድ ውሃ ይነካል። ዝቅ ብሎ የተኛ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ እኔን እንዴት ይሞላኛል? ይህን ሁሉ ዘመን ስጠጣ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ለዚያውም አስተማሪ ነኝ።

ነገ ከትምህርት መልስ ወደ ወንዙ ወርጄ አያለሁ። ተሳስቼ ብገኝ ሲበዛ ደስ ይለኛል።

ሐሙስ

አልተሳሳትኩም።

ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰኝ፣ የቀረውን በማሽላ አገዳ መካከል በእግሬ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ያለው ገደል እንደ ትምህርት ሥዕል ተቆርጦ ቆሟል፤ ከላይ ዋልካ፣ ከሥሩ ጠጠር። ከጠጠሩ ውሃ ይወርዳል። ፏፏቴ አይደለም፣ ላብ ነው። ገደሉ ዳር እስከ ዳር ያልበዋል፣ ከሥሩ ለምለም ሣር በቅሏል፣ ቀጫጭን ውሃ እየተጠራቀመ ወደ ቦርከና ይገባል። በጥር፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት።

እኛ ከወንዙ አንጠጣም። ወንዙ ነው ከእኛ የሚጠጣው። ውሃው ከጋራው ተነስቶ፣ በጠጠሩ ሥር አልፎ፣ ኤላዬን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። የጋሽ ሰይድ ጉድጓድ ደግሞ ዋልካውን በስቶ ጠጠሩን ከፍቶ፣ በጋራውና በኤላው መካከል ተቀምጧል። ለእኔ ብለው ያዞሩት ጉድጓድ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ፦

እንዴት እነግራቸዋለሁ። ደግነታቸውን ፊታቸው ላይ መወርወር ነው።

ቦታው ተመርቋል።

ሠርጉ ደርሷል።

"እንግዲያ የት ልቆፍር?" ይሉኛል። ከኤላው በታች የቀረው ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ የእኔ ጓሮ። ፓፓያዎቼ፣ ሚጥሚጣዬ፣ ማንጎዋ፣ ከሥራ መልስ ወንበሬን የማወጣባት ጥላ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ዝም ብል ማን ያውቃል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የራሴን ውሃ አፍልቼ እጠጣለሁ። ግን በጀሪካን ለሚቀዳው ሰው ሁሉ ማን ያፈላለታል? ሰደቃ ብሎ ሰውን ማሳመም። ሐሳቡ ራሱ አሳፈረኝ።

ዓርብ

ከጁመዓ በኋላ ነገርኳቸው። አልሆነም።

ጋሽ ሰይድ ቁጭ ብለው ሰሙኝ፣ አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ዘይኑ፣ እኔ ለአንቺ ብዬ አይደል ያዞርኩት?" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሙሄን አነሱ። እሱ ያስቆፈረውን እሱ አያውቅም ወይ፣ ቦርከና ነው ብሎ የለም ወይ አሉኝ።

"ሙሄም ይሳሳታል" አልኩ።

ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ባለቤታቸው አዴ ከድጃ ይለቅሙት የነበረውን ገብስ ትተው አዩኝ። ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔም ወደ ቤቴ ገብቼ ድስት ላይ ተናደድኩ። በሬም ዘግቼ ነበር፣ ኋላ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች እንዳሉ ትዝ ሲለኝ መልሼ ከፈትኩት። ኩርፊያ እንኳ በወጉ አልተሳካልኝም።

ቅዳሜ

አዴ ከድጃ ገና በጠዋቱ መጡ። "አካም ቡልቴ" ብለው ጤንነቴን ጠየቁ፣ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ሳይዞሩ ገቡበት። "ዘይኑ ኮ፣ የኔ ዘይኑ፣ ያንን ሰውዬ በአፍ አታሸንፊውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ወስደሽ አሳዪው።"

ሦስታችንም ሄድን። ባጃጅ ውስጥ ጋሽ ሰይድ ከፊት ተቀመጡ። ገደሉ ሥር ሲደርሱ ተንበረከኩ። እጃቸውን ከጠጠሩ ላይ አድርገው ቆዩ። ጭቃ ዘግነው ውሃው የሚወጣበትን ደፈኑት፤ ውሃው ዞር ብሎ ከጎኑ ወጣ። ያንንም ደፈኑ፣ ከሌላ በኩል ወጣ። አዴ ከድጃ "ማል ታኤ?" አሉ፣ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። እሳቸው ሌላ ጭቃ ዘገኑ።

ቤት ስንመለስ አመኑ ብዬ ነበር። የለም። "እዚያ ታች ያለው ሌላ፣ እዚህ ያለው ሌላ ቢሆንስ?" አሉ። ልናደድ ስል፣ ከጓዳ ነጩን የላስቲክ ቱቦ ይዘው ብቅ አሉ። ጋሽ ሰይድ ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ናቸው፤ ግንበኛ ወለሉን የሚያስተካክለው በዚህ ነው። ቱቦውን ውሃ ይሞሉታል፣ ሁለቱን ጫፍ ሁለት ሰው ይይዛል፣ በሁለቱም በኩል ውሃው እኩል ይቆማል። ከፍታን አይዋሽም።

ከላይ ካለው የመስጊዱ ኤላ ተነሳን። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሳቸው አንዱን፣ ችካል እየተከልን፣ ምልክት እያደረግን እስከ እኔ ኤላ ወረድን። መንገደኛው ሁሉ ለሠርጉ ምን እየተሠራ ነው ይላል። በቱቦው ካስተካከልነው አንድ ከፍታ ተነስተን የባልዲ ገመድ ወደ ሁለቱም ኤላ አወረድን። የመስጊዱ ውሃ ቶሎ ተነካ። የእኔ በእሳቸው ከዘራ ቁመት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጉድጓዳቸው ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ጋሽ ሰይድ ቱቦውን ጠቀለሉ። "ለካ ቦርከና ነው ከእኛ የሚጠጣ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "እንግዲያ የት ልቆፍር፣ ዘይኑ?"

ቃሉን ከሐሙስ ጀምሮ አዘጋጅቼው ነበር፣ በደግ ፊት ልናገረው። ሲወጣ ግን ተኮሳትሬ ነው። "ጓሮዬ አለ አይደል። ከእሱ በታች እርሻ እንጂ ኤላ የለ።"

አዴ ከድጃ ጉንጬን ሳሙኝ። ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት አዩ። እኔ ፓፓያዎቼን አየሁ።

እሑድ

ወገቤ የለም። ደስ ብሎኛል።

ሸህ ጡሃ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ጋሽ ሰይድ የተመረቀ ቦታ መለወጥ ከብዷቸው ሰው ልከው አስጠርተዋቸው ኖሯል። ሸሁ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ "ዱዓው ለውሃው ነበር እንጂ ለጉድጓዱ መቼ ነበር" አሉና ወንበር ጠየቁ። ይህን ያህል ተጨንቄ!

ላይኛው ጉድጓድ ተደፈነ። ጋሽ ሰይድ ጠጠሩን ወደ ሥሩ፣ ዋልካውን ወደ ላይ አስመለሱ፣ መሬቱ እንደ ነበረው። ዋልካውን ውሃ እያጠጡ እየረገጡ ጠቀጠቁት፣ አንዋርም በሙሽራ እግሩ ገብቶ ረገጠ። አልሐምዱሊላህ፣ ገና ምንም አልገባበትም ነበር።

አዲሱ በእኔ ጓሮ፣ ከኤላው ርቆ በታችኛው ጫፍ ተቆፈረ። በዚያ በኩል ዋልካው ወፍራም ነው። ጠጠር ሳይነካ እንዲቀር ጠለቅ ሳይል ሰፋ ብሎ ወጣ፣ ዙሪያውንም በድንጋይና በሲሚንቶ ሊገነቡት ነው። ሁለት ፓፓያ ተቆረጠ። ሚጥሚጣው ተነቅሎ በባልዲ ተቀምጧል፣ ይኑር ይሙት አላውቅም። ማንጎዋ ተረፈች። ወንበሬ ግን ከእንግዲህ የት እንደሚወጣ እንጃ፤ የአንዋር ሙሽራ ሽንት ቤት በመጣች ቁጥር "እንደምን ዋልሽ" ልባባል ነው።

አጥሩም ተከፈተ፣ በር ሊገባለት። አዴ ከድጃ በተከፈተው በኩል ገና ከመግባታቸው ኩሽናዬን መፈተሽ ጀመሩ።

ሰኞ

ዛሬ ለሠርጉ የገብሱ መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ የሚጠመቅበት ውሃ ተቀዳ። አዴ ከድጃ በርሜሎቹን ደርድረዋል፣ ገብሱ ተቆልቷል። የሠርጉ ሰው ሁሉ ሊጠጣ ያለው የእኔን ኤላ ነው። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዴት እቀዳ ነበር ብዬ አሰብኩ።

አንድ ሐሳብ ቀርቶኛል። የተጠቀጠቀው ዋልካ ክረምቱን ይችላል ወይ? ጎርፉ ቢያሰርገው? ጋሽ ሰይድን ጠየቅኳቸው፤ ከበልግ በኋላ አይተን እንጨምርበታለን፣ ኢንሻአላህ አሉ። እንደማይረሱ አውቃለሁ፣ ቢረሱም በአጥሩ በር ገብቼ አስታውሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን ባልዲ እኔ አወጣሁ፣ እሳቸው በጣሳ ጠጡ። ጣሳውን እንደያዙ፣ ይሄ ውሃ ከጋራው እዚህ ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። በጠጠር ሲሆን ይፈጥናል፣ በዋልካ ሲሆን ይዘገያል፣ ጋራው ላይ በአለቱ ስንጥቅ የገባው ደግሞ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የምንጠጣው የዘንድሮ ዝናብ ላይሆን ይችላል።

ጣሳው ውስጥ አዩ። "እንግዲያ ሙሄ በሕይወቱ ያየው ዝናብም ይኖርበታል።"

ዓርብ ያልኩት ቃል እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ ነበር፣ ያን ጊዜ ለቀቀኝ። ሙሄ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ተሳስቷል። የት ላይ እንደሚቆፈር ግን አልተሳሳተም።

ጋሽ ሰይድ የቀረውን ጠጥተው ለእናቱ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያም ለእሱ። አሚን አልኩ፣ በዝቅታ። አዴ ከድጃ በርሜሉ ገና ግማሽ ነው ብለው ተጣሩ፣ ባልዲውን መልሼ አወረድኩት።