የስንብት እራት ለአሰልጣኝ ፋውስቲኖ

ጃንዋሪ 12

ዝናብ። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ዋለ። በዝናብ ቀን ሴቶቹ ተሠርተው ከጨረሱም በኋላ አይወጡም፤ ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደተቀመጡ ወሬ ይሰልቃሉ። እኔስ? እኔማ ዋናዋ ነኝ።

የልጆቹ ሆኪ ክለብ ጸሐፊ የመሆን ጣጣው ደግሞ በጃንዋሪ ይመጣል። ልጆቹ አጠገብ የሚደርስ ሰው ሁሉ፣ በነጻም ቢያገለግል፣ በየዓመቱ አዲስ ከወንጀል ነጻ ወረቀት ማምጣት አለበት። ሕግ ነው። ሰብሳቢዋ እኔ። ዛሬ ጋሽ አርሊንዶ መጡ፣ የክለቡን ሳንድዊች የሚሠሩት። ወረቀቱን ቢጎዲኖቼ መሃል ወረወሩት።

«ሰማንያ ዓመቴ ነው! በዳቦና በአሳማ ሥጋ ምን ወንጀል እሠራለሁ?»

«ሥጋውን ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳስተው ነው የሚቆርጡት። እሱስ ወንጀል አይደለም?»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። እሳቸውም ሳቁ።

አዲሱ አሰልጣኝ ግን ሳይጠየቅ ነው ያመጣው። ፋውስቲኖ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ ከኬክ ጋር። ንጹሕ። ሴቶቹ በሱ አብደዋል። «የኔ ባል ግማሹን ያህል ጨዋ ቢሆን!» ትላለች አንዷ። እኔም አሞገስኩት... ምን ይደረግ፣ ኬኩ ጥሩ ነበር።

ጃንዋሪ 20

ኢያራ ግንባሯ ላይ የወረደውን ፀጉር ልትቆረጥ መጣች። ክርስትና ያነሳኋት ልጄ። የአቢሊዮ ልጅ ናት፤ አበልጄ አቢሊዮ፣ የክለቡ ሊቀ መንበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ፀጉሯን ከኔ ሌላ ሰው አይነካውም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ግብ ጠባቂ። እንደ ወትሮዋ አልለፈለፈችም።

«ከልምምድ በኋላ አሰልጣኙ በሚኒባሱ ሁላችንንም ቤት ያደርሰናል።»

«ጎበዝ ሰው።»

«እኔን መጨረሻ ነው የሚያወርደኝ።»

«ቤታችሁ እኮ አዳራሹ ጀርባ ነው! መጀመሪያ መውረድ የነበረብሽ አንቺ ነሽ።»

በመስታወቱ አየኋት። አላየችኝም።

«መልዕክትም ይልክልኛል፣ እትዬ ኒልዴ።»

«ምን የሚል?»

«ብዙ ነገር... መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ‹ለአባትሽ አታሳዪ› ይላል።»

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። ስልኳን ሰጠችኝ። አነበብኩ። እዚህ አልጽፈውም። ይህን ደብተር እንኳ በሱ ቃል አላቆሽሽም። የሃምሳ ዓመት ሰው! ለሕፃን!

«ነክቶሻል?» አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። ትከሻ መስበቅ ምን ማለት ነው? አዎ ነው? አይ ነው?

«ከዛሬ ጀምሮ ከልምምድ የምወስድሽ እኔ ነኝ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል...

ጃንዋሪ 21

የፋውስቲኖን ወረቀት ደግሜ አወጣሁት። ንጹሕ። ምንም የለበትም። ታዲያ እንዴት?

ጃንዋሪ 23

በፊት ይሠራበት ወደነበረው ክለብ ደወልኩ። ኤርሚኒያ የምትባል ሴት አነሳች። የነሱ ጸሐፊ ናት።

«ስለ ፋውስቲኖ ልጠይቅሽ ነበር።»

«በጣም ጥሩ አሰልጣኝ ነው። ሰዓት አክባሪ፣ ልጆች የሚወዱት።» እንደ ጸሎት በቃሏ ነው የወረደችው።

«ለምን ለቀቀ?»

«የእጅ ሰዓት ሸለምነው።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ለምን ለቀቀ ነው።»

ድምጿ ተለወጠ። «እንዲሄድ ነው የሸለምነው።»

እዚያም አንዲት ልጅ። እዚያም ስልክ። ወላጆቿ ስሟ እንዲነሳ አልፈለጉም፣ ሊቀ መንበራቸው እጁን ጨበጠው፣ ሰዓት፣ ጭብጨባ፣ ደህና ሁን። ለፖሊስ የነገረ የለም። ታዲያ ወረቀቱ ላይ ማን ምን ይጻፍበት? ንጹሕ የሆነው እነሱ አጥበው ስለላኩት ነው። ወደኛ። ወደ ኢያራ።

ኤርሚኒያ ልትዘጋ ስትል «ልጅቷ አሁን ሆኪ አትጫወትም» አለችኝ።

ጃንዋሪ 24

ለአቢሊዮ ነገርኩት። በቤት ዕቃ ሱቁ ውስጥ፣ ገና ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ ላይ ተቀምጠን። ፊቱ ደም መሰለ። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። «እገለዋለሁ» አለ። እኔም በልቤ ግደለው አልኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሲረጋጋ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምንድን ነው? «ልጄ እንዴት ናት?» መሰለሽ ኒልዴ? አይደለም።

«ለማን ለማን ነገርሽ?»

ፌብሩዋሪ 2

የኮሚቴ ስብሰባ። ሁሉም ያውቃል፣ አንዱም ስሙን አይጠራውም። «ጉዳዩ» ይሉታል። «ያ ጉዳይ።» ወሰኑ፦ ፋውስቲኖ በወሩ መጨረሻ «በራሱ ፈቃድ» ይለቃል። የስንብት እራት ይደረግለታል። ስሙ የተቀረጸበት የብር ሰሐን ይሰጠዋል። የፍየል ጥብሱ ለስንት ሰው ይበቃል በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። በፍየሉ!

ሲያልቅ አቢሊዮ በር ላይ ያዘኝ። «በባሕሩ ዳርቻ ያለ ክለብ ሊወስደው ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቀዋል። አንቺ ጻፊው፣ እጅሽ ጥሩ ነው።»

«አበልጄ፣ አብደሃል? ልጅህ እኮ ናት!»

«ልጄ ስለሆነች ነው! በየፀጉር ቤቱ መነጋገሪያ እንድትሆን ነው የምትፈልጊው? ያውም ባንቺ ፀጉር ቤት?»

«የባሕሩ ዳርቻ ልጆችስ?»

«እነሱም አባት አላቸው» አለኝ።

ቤት እስክደርስ አፌ መረረኝ። ሰውን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ ትያለሽ... ልጁን ክርስትና አንስቻለሁ፣ ሚስቱን አብሬ ቀብሬያለሁ። እነሱም አባት አላቸው!

ፌብሩዋሪ 6

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። አቢሊዮ ራሱ ጻፈው። ማኅተሙን እንድልክለት ሰው ላከብኝ። አልላክሁም። አዲስ አስቀረጸ። በዚህ ከተማ ማኅተም ከዳቦ ይፈጥናል።

ፌብሩዋሪ 22

ትናንት እራቱ ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሄድኩ። ባልሄድ ኖሮስ? ኢያራ ቤት ቀርታለች፣ «አሟት»።

አዳራሹ ሙሉ። ወይን፣ ፍየል፣ ፊኛ። ፊኛ! እሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይሳሳማል። ሕፃናቱ ሥዕል ሠርተውለታል። አቢሊዮ ማይኩን ይዞ «አሁን ደግሞ ጸሐፊያችን ሁለት ቃል ትላለች» አለ። ሁልጊዜ የማነበው እኔ ስለሆንኩ ከልማድ አመለጠው መሰለኝ፤ ሲለው ራሱም ደነገጠ።

ተነሳሁ።

«ይህ ሰው ከኛ በፊት ከነበረበት ክለብ የእጅ ሰዓት ተሰጥቶት ነው የወጣው» አልኩ። «የሰጡት እንዲሄድላቸው ነው። የላኩት ወደኛ ነው። ዛሬ እኛ ሰሐን እንሰጠዋለን። ለማን ነው የምንልከው? እኔ የለሁበትም።»

አንዱ ከጀርባ ማጨብጨብ ጀመረ... ለኔ መሰለኝ! ለሱ ነው። ሌላው ተከተለ፣ ሌላው፣ ቆመው አጨበጨቡለት። ድምፄን ከአዳራሹ ጠርገው ሊያወጡት። ካስክ ሥር ራሳቸውን የሰጡኝ ሴቶች። አንዷ አታየኝም፣ ሌላዋ በዓይኗ ትቆጣኛለች። ያላጨበጨቡት ጋሽ አርሊንዶ ብቻ ናቸው፤ ሽርጣቸውን ፈተው ወንበር ላይ ጣሉና ወጡ።

ፋውስቲኖስ? መጣና አቀፈኝ። በሰው ሁሉ ፊት። ጉንጬን ሳመና ጆሮዬ ሥር «ወረቀቴ ንጹሕ ነው፣ ወይዘሮ ኒልዴ» አለኝ። በለሆሳስ፣ እየሳቀ።

ጉንጬን በዕቃ ሳሙና አጠብኩት። አሁንም ይሸተኛል።

ፌብሩዋሪ 24

ፖሊስ ጋ ሄድኩ። ኤርሚኒያም በአውቶቡስ መጣች። ደውዬ «ትመጫለሽ?» ስላት «ስንት ሰዓት?» ብቻ ነው ያለችኝ። አሮጊት ትመስለኝ ነበር፤ ልጅ እግር ናት፣ ጥፍሯን ትበላለች። ሁለታችንም ቃላችንን ሰጠን። የኢያራም ቃል ያስፈልጋል አሉ። አባቷ ይጠራል።

ማርች 3

የዚህ ሳምንት ቀጠሮዎቼ አለቁ፤ ተሰርዘው። ከመንገድ ማዶ ያለችው ፀጉር ቤት በር ላይ ሰልፍ። የክለቡ አንዲት እናት በመስኮቴ እያለፈች፣ እንድሰማት አድርጋ «የሰው ስም ማጥፋት ልማዷ ነው» አለች። ወር ሙሉ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጎረቤቷን ባል ስም ያጠፋችው ማን ሆና ነው?

ማርች 11

ኢያራ ቃሏን የምትሰጥበት ቀን። ትልቁ ከተማ ድረስ ሄድን፣ አቢሊዮና እሷ በሱ መኪና፣ እኔ በባቡር። እኔንም ጠርተውኛል። አቢሊዮ ሰላምታ አልሰጠኝም። ከስቷል።

የምታነጋግራት ሴት ወጣች፣ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። «አብሮሽ የሚገባ ሰው ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

አቢሊዮ ብድግ አለ። «እኔ አባትሽ ነኝ።»

«አንተ እራት ጋበዝከው» አለችው።

ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ... እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ቦርሳዬን ያዝኩ፣ ልገባ። ኢያራ ወደኔ ዞረች።

«አንቺም አትግቢ፣ እትዬ። አንቺ ታወሪያለሽ።»

በሩ ተዘጋ። ሁለታችንም አንድ አግዳሚ ላይ ቀረን። አቢሊዮ ወለሉን እያየ፣ «ለባሕሩ ዳርቻዎቹ ደወልኩላቸው» አለ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ከመነሳታችን በፊት።»

«ምን አልካቸው?»

«በልጄ ላይ ያደረገውን። ሥራ ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል አሉኝ። ልጆቹ ወደውታል አሉ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን ከኋላችን ያ በር አለ፣ እሷ ብቻዋን ትናገራለች።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ራበኝ» አለች። አባቷን አላየችውም፣ ግን የሱ መኪና ውስጥ ገባች።

ማርች 17

ከፖሊስ ደወሉልኝ፤ የባሕሩ ዳርቻ ክለብ ሰውየውን አባሮታል። ምርመራው ቀጥሏል። ሰሐኑን ይዞ ሄዷል፣ ደብዳቤውንም። በነሱ ይኑር።

ከሰዓት በኋላ አንዷ ደንበኛ ተመለሰች፤ ማዶዋ ፀጉሯን አቃጥላባት ነው። ቢጎዲን ጠቀለልኩላት። አላስቻላትም፣ በመስታወቱ ታየኝ ጀመር።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ኒልዴ... ያቺ ልጅ ማን ናት? የአቢሊዮ ናት የሚሉት እውነት ነው? ለማንም አልናገር።»

በዚህ ወንበር ላይ ያልነገርኩት ወሬ የለም። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። «አንገትሽን ዝቅ አድርጊ።»