ከ15 እስከ 17

ታኅሣሥ 8
ሦስት ገቢ፣ አንድ ወጪ። ከገቡት ሁለቱ የልደት ወረቀት የላቸውም። እንደ ወጋችን ማረሚያ የገቡበትን ቀን የልደት ቀናቸው አድርጌ መዘገብኩ። በአንድ ጠዋት ሁለት ልጅ ወለድኩ ማለት ነው... ምጥ የለው፣ ጣጣ የለው።

ታኅሣሥ 11
የዝውውር ዝርዝር። አሥራ ስምንት የሞላው ወደ አዋቂዎች እስር ቤት ይሄዳል። በዚህ ወር አንድ ብቻ፦ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ስትከራከር ስለምትውል ልጆቹ “ጠበቃ” የሚሏት። በ20 ይሞላታል። ፍርዷን ለመጨረስ ስምንት ወር ይቀራታል። ስምንት ወር፣ እዚያ...
ቁመቷ ትከሻዬ አይደርስም። በየት በኩል ነው አሥራ ስምንት የሞላት?

ታኅሣሥ 12
ፋይሏን አወጣሁ። ሐኪሙ ጥርሷን አይቶ “ከ15 እስከ 17” ብሏል። የመዝገቡ የዕድሜ ሣጥን የሚይዘው አንድ ቁጥር ነው። አምና ታኅሣሥ 20 ስትገባ ትልቁን ጻፍኩ። ለምን? እንጃ። ጽሕፈቱ ግን ያምራል።

ታኅሣሥ 14
ለኃላፊው ነገርኩት።
“ሃያ ሁለት ዓመት ስርዝ ድልዝ የሌለበት መዝገብ እያልክ ስትኮራብን ኖረህ፣ ካረጁ አምባር ይዋጁ ሆነብህ?”
“ስህተቱ የኔ ነው።”
“ሐኪሙ ካለው አልወጣህም እኮ። ማስረጃ አምጣ፣ እንሰርዛለን። ካልሆነ መኪናው በ20 ጠዋት ነው።”
ደግሞ እውነቱን ነው። የሚያናድደውም እሱ።

ታኅሣሥ 15
ጠበቃን አስጠራኋት። “ዕድሜሽን የሚያውቅ ዘመድ አለሽ?”
“እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚያውቁት፣ ጋሼ? መዝገቡ ላይ ጽፈው የለ?”
“ከኔ ሌላ” አልኳት። ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ የምትሰፋ አክስት እንዳለቻት ነገረችኝ። ከተጣሉ ቆይተዋል።

ታኅሣሥ 17
ሄድኩ። አክስትየዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ “ከመንግሥት ቤት የመጣ ሰው ደግ ወሬ ይዞ አያውቅም፤ ቁጭ በል” አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ከልብስ ቁልፎች ጣሳዋ ሥር የክትባት ካርድ አወጣች። በካርዱ የልደት ቀን መሠረት ልጅቷ ማረሚያ ስትገባ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።
“አሥራ ሰባት ያልካት አንተ ነህ?”
“እኔ ነኝ።”
“የራስህ ብትሆን ትንሹን ትጽፍ ነበር።”
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 19
ኃላፊው ካርዱን ሦስት ጊዜ አገላበጠው። “ይሄ ማኅተም ነው የሻይ ጠብታ?”
ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁለት።
ፈረመ። በቀይ ቀለም 17ን ሰረዝኩ፣ 15 ጽፌ አጠገቡ ፈረምኩ። ከዚያ ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረመ። መዝገብ ቤቱ እኔው ስለሆንኩ ቁጥር ሰጥቼ ፋይሌ ውስጥ አስገባሁት።

ታኅሣሥ 20
መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ጠበቃ መስኮቴ ላይ መጣች።
“አሁን ስንት ዓመቴ ነው?”
“አሥራ ስድስት።”
“ሁለት ዓመት መለሱልኝ ማለት ነው።” ምስጋና መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አልነበረም። “እኛ ክፍል ወረቀት የሌለን ስድስት ነን፣ ጋሼ። የአምስቱንስ?”
ፋይሎቹን አወጣሁ። የአራቱ ላይ “ከ... እስከ...” ይላል። አራቱንም በትልቁ ጽፌያቸዋለሁ።
አንዷ ጥር 3 አሥራ ስምንት “ይሞላታል”። አሥራ ሦስት ቀን። እናቷ የት እንዳለች ነገ እጠይቃታለሁ።